መጀመሪያ ግድግዳውን ምረጡ፤ በሩ ይደርሳል

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፕሮግራመር ደወለልኝ። ወላጆቹ ጋራዡን ለቀውለታል። የፊደል ኪቦርድ በእጁ ሊሠራ አስቧል። «የትኛውን ስሪዲ ፕሪንተር ብገዛ ይሻለኛል?» አለኝ።

«የጎን በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። ጥያቄውን በደንብ ያልሰማሁት መስሎታል። ሰምቼዋለሁ። ፕሪንተሩ ባይስማማው በሁለተኛው ወር ሸጦ ሌላ ይገዛል። በተሳሳተ ቦታ የተከፈተ በር ግን ተሽጦ አይለወጥም፤ ቤቱን እስኪለቅ ድረስ አብሮት ይኖራል።

የምለው ነገር አንድ ነው። የቤት ወርክሾፕ ማለት ግድግዳ ማለት ነው። ዕቃው ቀስ በቀስ ይገዛል፣ ወለሉም በሆነ መንገድ ይበቃል፤ ቶሎ የሚያልቀው ግድግዳው ነው። ግድግዳን ደግሞ እንደ በር የሚበላ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩበትን ግድግዳ ምረጡ፤ ለበሩ ከዚያ የተረፈውን ስጡት። አብዛኞቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። እኔም አድርጌው ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ጠባብነት ሰበብ አይሆንም

ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ የጀመሩባት የፓሎ አልቶዋ ጋራዥ 12 በ18 ጫማ ነበረች፤ በሜትር 3.7 በ5.5 ገደማ። የመጀመሪያ ምርታቸው የሆነው የድምፅ ሞገድ ማመንጫ ከዚያች ክፍል ወጣ። በ1987 ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት የሲሊከን ቫሊ መነሻ ብሎ በታሪካዊ ቦታነት መዘገባት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ መኪና የሚሠራ ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ከዚያች ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የቦታ ስፋት እምብዛም የእኛ ችግር አይደለም።

ችግራችን ሌላ ነው። በየአገሩ ያለን ሐበሾች የጀመርናቸው ዕቃዎች፣ የፊደል ኪቦርዱም፣ ለእናት የታሰበው ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክም፣ የሚሞቱት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እራት ሲደርስ ይነሣሉ። የተነሣ ሥራ በማግሥቱ ተመልሶ እስኪዘረጋ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ለተመለሰና ልጅ ላለው ሰው የምሽቱ ትርፍ ጊዜ በሙሉ ናት። ወርክሾፕ የሚሰጣችሁ ትልቁ ነገር መሣሪያ ሳይሆን ሥራውን በተገተረበት ትታችሁ መብራት አጥፍታችሁ የመውጣት መብት ነው። ይህ መብት የሚገኘው ደግሞ ማንም የማያልፍበት፣ ማንም የማይገፋው፣ ያልተቆራረጠ ግድግዳ ሲኖር ነው።

በርና መዝጊያ

አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። በር ቀዳዳው ነው፤ መዝጊያ ቀዳዳውን የሚዘጋው ሳንቃ። በዕለት ንግግር ሁለቱንም በር እንላቸዋለን እንጂ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ሱቅ ስትሄዱ የሚሸጥላችሁ መዝጊያው ነው፤ ቀለሙን፣ መስታወቱን፣ እጀታውን ታማርጣላችሁ። የሚያስከፍላችሁ ግን በሩ ነው፤ ግድግዳው ላይ የት እንደተቀደደ።

የእኔን ልንገራችሁ። ጋራዤ 3.6 በ6 ሜትር ነው። የፊቱ ግድግዳ በሙሉ በመኪናው በር ተይዟል። ወደ ቤት የሚያስገባው በር ከኋላ በማዕዘኑ በኩል አለ። ወርክሾፕ ላደርገው ስነሣ ከጓሮው በቀላሉ እንድገባ ብዬ ረጅሙን የ6 ሜትር ግድግዳ መሐል ለመሐል አስቀደድኩት። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ከመስኮቶቹ ጋርም ተስተካክሏል። መዝጊያው 91 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው።

ሂሳቡን ቆይቼ ሠራሁት። መቃኑን ጨምሮ ቀዳዳው 1 ሜትር ገደማ ወሰደ። መዝጊያው ተከፍቶ ሲለጠፍ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ሌላ 90 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ሸፈነ። ሽፋኑ ሥር መደርደሪያ አይሰቀል፣ ጠረጴዛ አይጠጋ። በወረቀት ላይ 1 ሜትር የነበረው ኪሳራ በሥራው ላይ ወደ 2 ሜትር ደረሰ።

ከዚህ የከፋው መቆራረጡ ነው። ፕሮግራመሮች ይህን በሽታ ከሜሞሪ ታውቁታላችሁ። ነፃው ቦታ ሲደመር ይበቃል፤ ግን ተበጣጥሶ ተቀምጧልና አንድ ትልቅ ነገር ልትሰጡት ስትሉ የሚይዝ ስፍራ የለም። እኔም ተከታታይ 6 ሜትር ነበረኝ፤ ከበሩ በኋላ የቀረልኝ በአንድ ጎን 2.5 ሜትር፣ በሌላው ጎን ደግሞ መዝጊያው የማይደርስበት 1.6 ሜትር ነው። 2.4 ሜትር ርዝመት ያለውን ጣውላ ከጫፉ ጥቂት ልቆርጥ ብል ቀሪው ከመጋዙ ወዲያ የሚያርፍበት ያስፈልገዋል፤ ከዚያኛው ጫፍም ልቁረጥ ብል በሌላው ጎን ያንኑ ያህል። ተከታታይ 5 ሜትር ያለው ሰው ይህን ሳያስበው ይሠራል። እኔ ግን ጣውላ በቆረጥኩ ቁጥር ዕቃ ማንሣትና መመለስ ሆነብኝ።

ተጠቃሚ ያገኘ በር

ሁለተኛው ስሕተቴ ሁለቱ በሮች እርስ በርሳቸው መተያየታቸው ነው። አንድ በር መግቢያ ነው፤ ሁለት በር መንገድ ይሆናል። ጓሮውና ቤቱ በወርክሾፔ በኩል ተገናኙ። ልጆቹ ከጓሮ ወደ ማድ ቤት በዚያ ያቋርጣሉ፣ ቆሻሻ በዚያ ይወጣል፣ እናቴ ስትመጣ ጎመኗን ቀጥፋ በዚያ ትገባለች። ክፍሉን በሰያፍ የሚቆርጥ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና ተፈጠረ፤ በዚያ ጎዳና ላይ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም።

ይህ ተጠቃሚ ያገኘ ኤፒአይ ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት እንደፈለጋችሁ ትለውጡታላችሁ። አንዴ ሰው ከለመደው በኋላ ግን ንድፉ መጥፎ መሆኑን ብታስረዱም የሚሰማ የለም፤ «ታዲያ በየት ልለፍ?» ነው መልሱ።

አንድ ቀን ምሽት ጀርባዬን ለጎኑ በር ሰጥቼ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ እየሠራሁ ነበር። ሶልደሪንግ አይረኑ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ «አባ፣ እራት!» እያለች ከጓሮው መዝጊያውን ገፍታ ገባች። መዝጊያው በርጩማዬን መታው፣ ክንዴ ማስቀመጫውን ገፋው፣ ብረቱ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። የወደቀው በሁለቱ ነጠላ ጫማዎቿ መካከል ነው። አልነካትም። እሷ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀችም።

ያን ሌሊት ስለ ፕሪንተርም ስለ ቁልፍ ፊደላትም አላሰብኩም። ልጄን አልተቆጣኋትም፤ ምን ብዬ? በሩን እዚያ ያስቀደድኩት እኔ፣ መዝጊያውን ወደ ውስጥ ያደረግሁት እኔ፣ ጠረጴዛውን ጀርባ አስጥቼ ያስቀመጥኩት እኔ። በማግሥቱ ሥራውን አቆምኩ። ከፈቃዱና ከሠራተኛው ጋር ሁለት ወር ፈጀ፤ በሩ ተደፈነ፣ አዲሱ ከመኪናው በር አጠገብ ባለው ማዕዘን በኩል ተከፈተ። ያ ማዕዘን ቀድሞውንም ለሥራ የማይመች ነበር፤ የመኪናው በር ሐዲዶች እዚያ ናቸው። አዲሱ መዝጊያ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። አንዲት የሥራ ጠረጴዛ ሳትቆራረጥ የምትዘረጋበት 5 ሜትር ግድግዳ ተመለሰልኝ። ቤተሰቡም በሳሎኑ በር መውጣት ለመደ፤ መንገዱ ስለጠመመበት ወርክሾፑ ማቋረጫ መሆኑ ቀረ።

የመዝጊያ ዓይነቶች፣ ሁሉም የሆነ ነገር ይበላሉ

ነፃ የሆነ መዝጊያ የለም። የምትመርጡት ከምን እንደሚቀንስባችሁ ነው።

ወደ ውስጥ የሚከፈት ወለልና ግድግዳ ይበላል። ወደ ውጭ የሚከፈት ከውስጥ ምንም አይወስድም። ግን ማጠፊያዎቹ ውጭ ስለሚቀሩ ፒናቸው የማይነቀል ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ሌባ መቆለፊያውን ሳይነካ መዝጊያውን አንሥቶ ይገባል። በረዶ በሚከመርበት አገር ደግሞ አካፋ ከውስጥ አስቀምጡ።

በግድግዳው ላይ የሚንሸራተት መዝጊያ በፎቶ ያምራል፤ ለወርክሾፕ ግን አልመክረውም። ሲከፈት የራሱን ስፋት የሚያህል ግድግዳ ይሸፍናል። ግድግዳው ሆድ ውስጥ የሚገባው ዓይነትም ያንኑ ቦታ በሌላ መንገድ ይወስዳል፤ እዚያ ሶኬት አይገባም፣ ረጅም ብሎንም አይመታም።

ወደ ላይ ተነሥቶ በኮርኒስ ሥር የሚተኛው የመኪና በር ኮርኒሱን ይበላል። ብዙ ሰው መብራቱን እዚያ ያሰቅልና በሞቃት ቀን በሩን ሲከፍት መብራቱ ከመዝጊያው በላይ ይቀራል፤ ጠረጴዛው ይጨልማል። በዚህ ፋንታ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ጥንድ መዝጊያዎች ማድረግ ከቻላችሁ ኮርኒሱ በሙሉ የእናንተ ነው። ዋጋው ከደጅ ያለው ቦታ ነው።

ስፋትን በተመለከተ ፕላይዉድ አያስፈራችሁ። ሙሉው ሰሌዳ 4 በ8 ጫማ፣ ማለትም 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ በጠርዙ ተይዞ በማንኛውም በር ያልፋል። የሚቸግረው ጥልቀት ያለው ዕቃ ነው፦ ሌዘር መቁረጫ፣ ቁም ሣጥን፣ ተገጣጥሞ ያለቀ ጠረጴዛ። ስትለኩ የመዝጊያውን ስፋት ሳይሆን ተከፍቶ የሚተርፈውን ክፍተት ለኩ፤ የመዝጊያው ውፍረትና የመቃኑ ጠርዝ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀንሳሉ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደንብ ለዊልቼር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍተት 32 ኢንች፣ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ የ36 ኢንች መዝጊያ ይገባል። ለወርክሾፕም ጥሩ መነሻ ነው።

የማይታለፉ ነገሮች

«በር ቀንሱ» ስል መውጫ አጥፉ ማለቴ አይደለም። እሳት ቢነሣ የምትወጡበት በር ከጠረጴዛችሁ ነፃ መሆን አለበት። ሊቲየም ባትሪ የምትሞሉበትን ቦታ በእናንተና በበሩ መካከል በፍጹም አታድርጉት። እሳት ማጥፊያውም በበሩ ጎን ይሰቀል እንጂ ሥራው አጠገብ አይሁን፤ የሚነደው ጠረጴዛው ከሆነ ከእሳቱ በላይ ተንጠራርታችሁ አታነሡትም።

በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በጋራዡና በቤቱ መካከል ያለው መዝጊያ ተራ ቀፎ እንዳይሆን ይከለክላል። ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን እንጨት ወይም ተመጣጣኝ ብረት፣ አለዚያም 20 ደቂቃ እሳት የሚቋቋም መሆን አለበት። ከጋራዥ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ በር ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ የምታሳድሩበት ክፍል ከጋራዡ ጎን ከሆነ፣ ለአቋራጭ ብላችሁ እዚያ በር አትክፈቱ። የየከተማችሁን ደንብ ሳትጠይቁም መጋዝ አታንሡ። ግድግዳው ቤቱን የተሸከመ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡም የኤሌክትሪክ ገመድ ሊኖር ይችላል።

የተረፈው ግድግዳ እንዴት ይሥራ?

የአሜሪካ ቤት ግድግዳ አጥንቱ ከአያቶቻችን የጭቃ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ቋሚ እንጨቶች በየ16 ኢንቹ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ይቆማሉ፤ በጭቃው ፋንታ ጂፕሰም ቦርድ ይመታባቸዋል። ጂፕሰሙ ብቻውን ክብደት አይሸከምም፤ ብሎኑ ቋሚውን ማግኘት አለበት። ስለዚህ በሥራው ግድግዳ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይዉድ ከቋሚዎቹ ጋር አሰሩ፤ ከዚያ በኋላ የትም ቦታ ብሎን ይይዛል። ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ከሆነ ግን ጂፕሰሙን አታንሡ፤ እሳት የሚያዘገየው እሱ ነው። ፕላይዉዱን በላዩ ላይ ጨምሩበት።

የጠረጴዛው ከፍታ ቆሞ ለሚሠራ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሶኬቶቹን ከጠረጴዛው በላይ አድርጓቸው፤ ከጠረጴዛ ሥር የተቀበረ ሶኬት ለሸረሪት ነው። ከዚያ በላይ በዓይናችሁ ልክ በየቀኑ የምትነኳቸውን ስቀሉ፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መለኪያ። መሳቢያ ዲስክ ነው፤ ግድግዳ ሜሞሪ ነው። በመሳቢያ ያለውን ፈልጋችሁ ታመጣላችሁ፤ በግድግዳ ያለውን እጃችሁ ሳትታዘዝ ታነሣዋለች፤ ያልተመለሰውንም ባዶ ቦታው ይናገራል።

ለስሪዲ ፕሪንተሩም ይኸው ነው። ከበሩ የራቀውን ማዕዘን ስጡት። በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በተለይ ኤቢኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ ያጣምመዋል። የሶልደሪንግ ቦታ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ጢሱ ወደ ሳንባችሁ ሳይደርስ እንዲወጣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበል። ስትሠሩም በሩን በዓይናችሁ ጥግ የምታዩበት አቀማመጥ ይኑራችሁ። ጀርባ መስጠት ምን እንደሚያደርግ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ተከራይ ብትሆኑስ?

ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት በኪራይ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ዱባይና ሪያድ ባለ አፓርታማ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ወይም ብሎኬት ነው፤ ለመብሳት አከራዩን ማስፈቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጀርመን ያላችሁም ስትለቁ ቀዳዳውን መድፈን ሊጠበቅባችሁ ይችላል። የበሩንም ቦታ አትለውጡም።

ያም ሆኖ ምርጫ አላችሁ። በክፍሉ ውስጥ ከበሩ እንቅስቃሴ ውጭ የሆነውን ረጅሙን ግድግዳ ለአልጋና ለቁም ሣጥን አታባክኑት፤ ለጠረጴዛው ስጡት። ከጠረጴዛው ጀርባ ጋር የታሰረ ፕላይዉድ ሰሌዳ ግድግዳውን ሳይነካ ግድግዳ ይሆንላችኋል። የውስጥ ክፍል መዝጊያ ቦታ ከበላባችሁ የማጠፊያዎቹን ፒን ወደ ላይ ነቅላችሁ መዝጊያውን አልጋ ሥር ማስቀመጥና ስትለቁ መመለስ ይቻላል። ትንሽ ልጅ ካለ ግን ይህን አታድርጉ፤ የሚዘጋ መዝጊያ ያስፈልጋችኋል። የአፓርታማውን ዋና መግቢያም በጭራሽ አትንኩ፤ እሱ ለእሳት ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጠመኔ ከፕሪንተር ይረክሳል

«በር ሲበዛ ብርሃንና አየር ይበዛል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት ነው፤ ግን ብርሃንና አየር ከፍ ብሎ ከተሠራ መስኮትም ይገኛል። ከ1.5 ሜትር በላይ የተቀመጠ መስኮት ከሥሩ ጠረጴዛ ያስገባል፤ በር ግን ከወለል እስከ ላይ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። መስኮት አያስገባም የሚባለው ሰውን ነው፤ ለእኔ ያም ጥቅሙ ነው።

ለደወለልኝ ወጣት የነገርኩት ይህን ነው። ጠመኔና ሜትር ያዝ። በሩን ግድግዳው ላይ ሣለው፤ መዝጊያው ሲከፈት የሚጠርገውን ግማሽ ክብ ወለሉ ላይ ሣል፤ ጠረጴዛውን፣ መጋዙን፣ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ ጭምር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቤተሰቡ እንዳመጣለት ይመላለስ፤ አንተ ዝም ብለህ እይ። በሥዕሉ ላይ የረገጠው ሁሉ ነገ ብረት ይዘህ ስትቀመጥ ከኋላህ የሚመጣው ሰው ነው። የአገራችን ባልትና መጥኖ መደቆስ ይላል፤ ለግድግዳም ይሠራል።

ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። ወለሉ በጠመኔ ተሞልቷል፤ በግማሽ ክቡ መሐል የታናሽ ወንድሙ ብስክሌት ተጋድሟል። ከሥሩ «ፕሪንተሩ ይቆይ፤ ግን መዝጊያውን ወደ ውጭ የሚያዞርልኝ ሰው ታውቃለህ?» የሚል ጽፏል።